«ደክሞኛል» ስትል እናድምጣት

እሑድ ጠዋት ከመዘምራን መካከል አንዲት እህት በአምልኮው ሰዓት ሦስት ጊዜ ተነሥታ ብትወጣ ምን ታስባላችሁ? መዝሙሩ ሳያልቅ ብትቀመጥስ? በልምምድ ቀን ደግሞ «ዛሬም ደክሞኛል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» እያለች ብትቀርስ?

እኛ ያሰብነውን ልንገራችሁ። ገሚሶቻችን «ቀዝቅዛለች» አልን፤ ገሚሶቻችን «ሳታኮርፍ አትቀርም» አልን። እኔ ደግሞ የመጋቢ ሚስት ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ ስለ መንፈሳዊ ትጋት መከርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ምክሬን ሳልጨርስ ሁለት ጊዜ ወደ ጓዳ ገብታ ውኃ ጠጥታ ተመለሰች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አላስተዋልኩትም እንጂ።

ይህች እኩያዬና ወዳጄ የሆነች እህት ከጥቂት ዓመታት በፊት የጡት ካንሰር ታክማ ነበር። በኋላም በሽታው አጥንቷ ላይ ታይቶ እንደ ገና መድኃኒት ጀምራለች። ስለዚህ ባለቤቷ ድካሟን ከካንሰሩ ቆጠረው። ጎረቤት ጥማቷን አይቶ «ስኳር ነው» አለ። እኛ ደግሞ ዝምታዋን የመንፈስ ድካም አደረግነው። የስኳር ምርመራው ሁለት ጊዜ ተደርጎ ሁለቱንም ጊዜ ደህና ሆነ። አንድ ቀን ግን አንዱ ዓይኗ ወደ ጎን አልዞር ብሎ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታያት። ያን ጊዜ ሐኪሟ ኤምአርአይ አዘዘላት። ካንሰሩ ወደ ፒቱታሪ ዕጢዋ ተዛምቶ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ ዘጠኝ ወራት ማስታወሻ ደብተር ይዤ ከእርሷ ጋር ሐኪም ቤት ተመላልሻለሁ። የተማርኩት በአጭሩ ይህ ነው፦ ካንሰር ባለበት ሰው ላይ የሚታይ ድካም ሁሉ የካንሰሩ ድካም አይደለም። በጥቂት ክኒን የሚመለስ ድካም አለ። ያንን ክኒን ማቋረጥ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

ትንሹ አዛዥ

ባለቤቷ «ፒቱታሪ ዕጢ» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ሌላ ዕጢ ደግሞ በቀለባት?» ብሎ ደነገጠ። አልፈርድበትም። በአማርኛችን ክፉውን እባጭም፣ ከፍጥረታችን ጀምሮ በሰውነታችን ያለውንም አካል «ዕጢ» ብለን ነው የምንጠራው። ፒቱታሪ ግን ሁላችንም ያለን አካል ነው። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህላል፤ ክብደቱም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫችን በስተኋላ፣ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ከበላዩ ደግሞ ከሁለቱ ዓይኖቻችን የሚመጡት ነርቮች ይተላለፋሉ።

ሥራው ማዘዝ ነው። የፊተኛው ክፍል ከኩላሊቶቻችን በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች «ኮርቲሶል አምርቱ» ይላል። ኮርቲሶል ሰውነታችን ሕመምን፣ ጾምን፣ ድንጋጤንና ትኩሳትን የሚቋቋምበት ሆርሞን ነው፤ ያለ እርሱ መኖር አይቻልም። እንዲሁም አንገታችን ላይ ያለውን ታይሮይድ፣ የሴቷን እንቁልጢ፣ የወንዱንም የዘር ፍሬ ያዛል። ከኋለኛው ክፍል የሚወጣው ሆርሞን ደግሞ ኩላሊትን «ውኃውን ያዝ፣ ሁሉንም አታፍስስ» ይለዋል። አዛዡ ሲታመም ሠራተኞቹ ጤነኞች ሆነው ሳለ ሥራ ይፈታሉ። ከውጭ የምናየው ግን «ሰነፈች» የሚያሰኝ ድካም ብቻ ነው።

ካንሰሩ እዚያ እንዴት ይደርሳል?

የካንሰር ሕዋሳት በደም ተጉዘው ነው የሚደርሱት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1857 ቤንጃሚን የተባለ ሐኪም ሜላኖማ በተባለ የቆዳ ካንሰር በሞተ ሰው አስከሬን ላይ እንዲህ ያለውን መዛመት አይቶ ጽፏል። ወደ ፒቱታሪ ከሚዛመቱት ካንሰሮች በሴቶች የጡት፣ በወንዶች የሳንባ ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። በጠቅላላው ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ካንሰር የጡት ካንሰር ስለሆነ ግን ጉዳዩ ከቤታችን የራቀ አይደለም።

የፒቱታሪ የኋለኛው ክፍል ደሙን በቀጥታ ከደም ቅዳ ያገኛል። የፊተኛው ግን በአብዛኛው ሌላ ቦታ አልፎ የመጣውን ደም ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው በኋለኛው ክፍል ላይ ነው። እህታችን ሌሊት ስድስት ጊዜ እየተነሣች ውኃ የምትጠጣውና የምትሸናው በዚህ ምክንያት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ካንሰር ባለበት ሰው ፒቱታሪ ላይ እባጭ ታየ ማለት ሁልጊዜ ካንሰሩ ተዛመተ ማለት አይደለም። አዴኖማ የሚባለውና ወደ ሌላ አካል የማይዛመተው የፒቱታሪ እባጭ በብዙ ሰዎች ላይ ይገኛል። አንዳንድ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶችም ይህን ዕጢ ያስቆጡታል። ስለዚህ ሐኪሙ ለይቶ ሳይነግራችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ምን ምልክቶችን እንመልከት?

ካንሰር ታክሞ በሚኖር ሰው ላይ ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፦

የማይረካ ጥማትና ብዙ ሽንት፣ የስኳር ምርመራው ደህና ሆኖ ሳለ። በቀን ከ3 ሊትር በላይ መሽናት ከመጠን ያለፈ ነው።

እንቅልፍ የማይመልሰው ድካም፣ ሲነሡ ማዞር፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ።

ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሐሳብ መንቀርፈፍ።

የወር አበባ መቅረት፣ የፍትወት ስሜት መጥፋት።

አዲስ የራስ ምታት፣ የነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዐይን ቆብ መውደቅ፣ ወይም በግራና በቀኝ ያለው ነገር አለመታየት። የሰው ትከሻ እየገጨች ይቅርታ የምትጠይቅ እህት ካለች ዓይኗ ከጎን ያለውን አያይላት ይሆናል።

ምርመራው በኤምአርአይና በደም ነው። ኮርቲሶል የሚለካው በማለዳ ነው፤ በጤነኛ ሰው ከፍ የሚለው በዚያን ሰዓት ነውና። የታይሮይድ ሆርሞኖችና ሶዲየምም ይታያሉ። በኬሞቴራፒ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የመሰሉ መድኃኒቶች እየተወሰዱ ከሆነ ውጤቱን ስለሚያዛቡት ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው

አንደኛው መንገድ ካንሰሩን የሚመለከት ነው። በመላ ሰውነት የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ በቦታው ላይ ደግሞ የጨረር ሕክምና ይሰጣል። እባጩ የዓይንን ነርቭ ተጭኖ እይታን የሚያጠፋ ከሆነ በአፍንጫ በኩል ገብቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አለ። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን በመሰሉ የክልል ከተሞችም ተጀምሯል። እነዚህ ሕክምናዎች በዚህ ደረጃ ያለውን ካንሰር ሙሉ በሙሉ ያድናሉ ብዬ አልዋሻችሁም። ዓይንን ያተርፋሉ፣ ራስ ምታትን ያስታግሣሉ፣ ጊዜ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው መንገድ የጎደለውን መተካት ነው። ቤተሰብ በጣም ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው። ለኮርቲሶል ምትክ ሃይድሮኮርቲዞን ይሰጣል፤ በተለመደው በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ፣ ትልቁ መጠን በጠዋት ይወሰዳል። ይህ ክኒን በማይገኝበት ስፍራ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን ያዛሉ። ለታይሮይዱ ሌቮታይሮክሲን አለ። ቅደም ተከተሉን ግን ያዙ፤ የኮርቲሶሉ ምትክ ይቀድማል። ኮርቲሶል የጎደለው ሰው የታይሮይዱን ክኒን ብቻውን ከጀመረ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ጨርሶ ለአደጋ ይጋለጣል። ለጥማቱና ለሽንቱ ደግሞ ዴስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒት በክኒንም በአፍንጫ በሚነፋም ይሰጣል። የኮርቲሶሉ ክኒን ሲጀመር ተሸፍኖ የነበረ ጥማት ሊገለጥ ይችላልና «መድኃኒቱ ባሰባት» ብላችሁ እንዳታስጥሏት፤ ለሐኪሙ ንገሩ።

እህታችን ክኒኑን በጀመረች በሳምንቷ ባለቤቷ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ዛሬ ልጆቹን በጫማቸው ጉዳይ ተቆጣቻቸው!» አለኝ። ድምፁ የደስታ ድምፅ ነበር። ለወራት ልጆቹ ቤቱን ቢያምሱት ቀና ብላ አታይም ነበርና። «ሚስቴ ተመለሰች» አለኝ። ካንሰሩ ያው ነበር። የተመለሰው የጎደለው ሆርሞን ነው።

ጥፋቴን ልናዘዝ

ከአራት ወር በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ። እርሷም ወደ እኔ መጥታ «ክኒኑን እየዋጥኩ ልጹም ወይስ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪምሽን ጠይቂ ማለት ሲገባኝ «ለሦስት ቀን ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ጌታ ያውቃል» አልኳት። እምነቷንም አደነቅሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ያስመልሳት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቷ ቢቀሰቅሳት አልነቃ አለች። ተሸክመን ድንገተኛ ክፍል ስናደርሳት የደም ግፊቷ ወርዶ ነበር። የካንሰር ታሪኳን የሰሙት ባለሙያዎች የመጨረሻዋ ሰዓት መስሏቸው ይመስለኛል፤ በለዘበ ድምፅ ያነጋግሩን ጀመር። ያን ጊዜ ባለቤቷ ከቦርሳው ውስጥ ሐኪሟ የጻፈላትን ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። ወዲያው 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ ተሰጣት፤ የጨው ፈሳሽም በደም ሥሯ ተሰቀለላት። ማምሻውን ዓይኗን ገልጣ ሻይ ጠየቀች።

አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «አንቺ ብቻሽን አይደለሽም፤ እኔም መስማት የፈለግሁት ያንኑ ነበር» አለችኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የታመመ ሰው መስማት የሚፈልገውን እናውቃለን። በፍቅር ስም ያንኑ ብንነግረው ልንገድለው እንችላለን።

ውድ ወገኖቼ፣ ስለ ታመመ መጸለያችንን አንተውም። ነገር ግን እነዚህ ክኒኖች እምነትን የሚፈታተኑ ነገሮች አይደሉም። ጤነኛ ሰው በየማለዳው ከገዛ ሰውነቱ የሚያገኘውን ነገር የሚተኩ ናቸው። ማንም ሰው «ጌታን ስለማምን ዛሬ ኮርቲሶል አላመነጭም» አይልም። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ደክሞ በተኛ ጊዜ አስቀድሞ የቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ስለ ትጋት ማነስ የወቀሰው መልአክ አልነበረም። እኔ ግን ያንን ዘልዬ ወደ ወቀሳው ሄድኩ።

በቤት ውስጥ የሚያዙ ነገሮች

ሐኪሟ ያስተማረንን እነሆ፤ የእናንተም ሐኪም ለእናንተ ሁኔታ የሚስማማውን ይንገራችሁ።

አንደኛ፣ የኮርቲሶሉ ምትክ ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይገዛ። ጾም ሲመጣ ሐኪም ይጠየቅ፤ ጥማት ላለበት ሰው ደግሞ ውኃ የሌለበት ጾም ፈጽሞ አይሞከር።

ሁለተኛ፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ሲመጣ መጠኑ ብዙውን ጊዜ በእጥፍ ይጨመራል። ስንት እንደሚጨመርና ለስንት ቀን እንደሚቆይ ጤነኛ በሆናችሁበት ቀን ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊትም ለባለሙያው ይነገር።

ሦስተኛ፣ ክኒኑን የሚያስመልሳት ከሆነ ወይም ተቅማጥ ከበረታ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። መርፌ ያስፈልጋታል። ሃይድሮኮርቲዞን መርፌ ለአስም ሕመምተኞችም ስለሚውል በብዙ የጤና ተቋማት ይገኛል።

አራተኛ፣ አንድ ወረቀት በእርሷ ቦርሳ፣ አንድ በባለቤቷ ኪስ ይኑር። «ፒቱታሪ ዕጢዋ አይሠራም፤ ኮርቲሶል አታመነጭም፤ ራሷን ከሳተች ወይም ካስመለሳት ወዲያው 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ ይሰጣት» ይበል። የእህታችንን ሕይወት ያተረፈው ይህ ወረቀት ነው።

አምስተኛ፣ ዴስሞፕሬሲን የምትወስድ ሰው ስትጠማ ትጠጣ፤ ሳይጠማት ግን «ውኃ ለጤና ጥሩ ነው» እያላችሁ አታስገድዷት። መድኃኒቱ ውኃውን ይይዛልና ከመጠን በላይ ከጠጣች በደሟ ያለው ሶዲየም ይወርዳል። የሚያስጨንቅ ራስ ምታት፣ መደናገርና መንቀጥቀጥ ከመጣ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ስድስተኛ፣ እይታ በድንገት ሲቀንስ ወይም እንደ መብረቅ የወረደ ራስ ምታት ሲመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ለባልና ለሚስት

በአንድ ወቅት ባለቤቷ አንገቱን ደፍቶ ባለቤቴን አነጋግሮት ነበር። «ከታመመች ወዲህ አትፈልገኝም፤ የበደልኳት ነገር ይኖር ይሆን?» ነበር ያለው። እርሷ ደግሞ ለእኔ «ሌላ ሴት ያይ ይሆናል» ብላኛለች። ሁለቱም በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው ለየብቻ ያለቅሱ ነበር።

ፒቱታሪ ማዘዝ ሲያቆም የፍትወት ስሜትም አብሮ ይጠፋል። የጡት ካንሰር ላለባት ሴት ደግሞ ኢስትሮጅን ካንሰሩን ሊያነቃው ስለሚችል ይህኛው ጉድለት እንደ ሌሎቹ አይተካም። ባል ሆይ፣ ሚስትህ አልጠላችህም። ሚስት ሆይ፣ ዝም አትበዪ፤ «ሰውነቴ ነው እንጂ ልቤ አልራቀም» በዪው። ድርቀትና ሕመም ካለ ለሐኪሙ ይነገር፤ የሚረዳ ነገር አለ። እነዚያ ባልና ሚስት ይህን ከተረዱ በኋላ ሌላ ልማድ ጀመሩ። ሌሊት ለውኃ ስትነሣ እርሱም ይነሣል፤ ብርጭቆውን ይሞላላታል፤ ጥቂት ተጨዋውተው ይተኛሉ። በትዳራቸው እንደዚያ ጊዜ ተነጋግረው እንደማያውቁ ነግረውኛል።

ለምእመናን

ልንጠይቅ ስንሄድ ሃያ ሆነን አንሂድ፤ ብዙም አንቀመጥ። ከትንቢትና ከምክር በፊት «መድኃኒትሽ አለ? መቼ ያልቃል? ለቀጠሮ ማን ያደርስሻል?» ብለን እንጠይቅ። የእኛ የሴቶች ኅብረት ክኒኑንና የትራንስፖርቱን ወጪ በየወሩ ተካፈለ። ከክልል የሚመጣ ሕመምተኛ ካላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በአዲስ አበባ የሚሰጠውን የማረፊያ አገልግሎት ጠይቁለት። በሽታው በገፋ ጊዜ ደግሞ ሥቃይን የሚያስታግሥ ሕክምና መጠየቅ ተስፋ መቁረጥ አይደለም።

እህታችን ዛሬ በመካከላችን የለችም። በሽታው ከተገኘባት ከአሥራ ዘጠኝ ወር በኋላ፣ ጉበቷን ይዟት በቤቷ አረፈች። ነገር ግን እነዚያ አሥራ ዘጠኝ ወራት የራሷ ነበሩ። ልጆቿን ተቆጣች፣ አጫወተች፣ ትልቋን ልጇን ወጥ መሥራት አስተማረች። ሲደክማት ተቀምጣ፣ ሲበረታት ቆማ ከመዘምራኑ ጋር ዘመረች። በአምልኮ መካከል ለመውጣት ስትነሣም መንገድ እንለቅላት ነበር እንጂ ማንም ዞሮ አያያትም ነበር።

ውድ አንባቢዬ፣ በቤትሽ ወይም በአጠገብህ በተቀመጠ ወንበር ላይ «ደክሞኛል» የሚል ሰው አለ? እባካችሁ፣ ከመምከራችን በፊት ጠይቀን እንስማው። ውኃ ስንት ጊዜ እንደሚጠጣም እንይ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።